አንዲት «አ»

ከአዘዞ ፒያሳ ስመላለስ ውዬ፣
የቀኑን ገቢ በሁለት ኪስ ከፍዬ፣
ግራው ለባለ ባጃጁ፣ ቀኙ ለእነ እማዬ፣
ሞተሩን አጥፍቼ በሩን ስገፋ
«መጣህ?» የሚለኝ የለም።
«አመጣህ?» ነው የምሰማው ሁሌም።

አመጣህ ዘይቱን? የቆጣሪውን ካርድ ሞላህ?
የደሳለው የኮሌጅ ክፍያ ነገ ነው፣ ሰማህ?
ቧንቧው ከደረቀ ስምንት ቀኑ፤ ከአንገረብ በኩል ቀዳህ?

በ«መጣህ» እና በ«አመጣህ» መሃል
አንዲት ፊደል ናት ያለችው፤
አባቴ በአርባዕቱ እንስሳ ደጀ ሰላም
በስንደዶ እየነካ ያስቆጠረኝ «አ»።
ዛሬ እንደ ኬላ ጠባቂ እግሯን አንፈራጣ
በራችን ላይ ቆማለች፤
ቀረጥ ሳልከፍል መች ታሳልፋለች?

ባለፈው ሐምሌ ባጃጅ ታገደ ተባለና
ሦስት ቀን ቤት ዋልኩ።
ለካ መቀመጫ የለኝም፤
አንዱ ወንበር የእንጉዳይ፣ አንዱ እግሩ ሰባራ፣
«እዚያ ጋ ሁን» ተባልኩ፣ ከባዶ ጄሪካን ተራ።
«ዛሬ ደግሞ ምነው?» አለች እማዬ
እጅ እጄን እያየች።
ጨው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም።
ቦቢ ከሞተ ሁለት ሳምንቱ ኖሯል፤
እኔም ጩኸቱን ሳጣ አልጠየቅኩ፣ እነሱም አልነገሩኝ፤
ውሻ የቀብር ወጪ የለው፣ ለምንስ ይንገሩኝ?

የእንጉዳይ ልጅ፣ ገና ድክ ድክ የሚል፣
ፊቴን አይቶ አለቀሰ።
«አጎትህ እኮ ነው፣ የባጃጁ!» አለችው።
አላመናትም።
ግቢ ወጥቼ የቆመውን ሞተር አስነሳሁለት፤
ዝም አለ።
ቀጥሎ ሳቀ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ
ወደ ድምፁ።
እኔ ከመሪው ኋላ ሆኜ ዝናቡን አየሁ።

«ቤተሰብ ነው፣ ቻለው» አለኝ ውባንተ፣ ፌርማታ ላይ፣
«ላም ታለብኩ ብላ ቂም ትይዛለች ወይ?»
ላምም እኮ፣ አልኩት፣ ሲያልቧት ጀርባዋን ይደባብሷታል፤
በስሟም ይጠሯታል።

ግን አልዋሽም።
ስልኬ ሲጮህ ልቤ ዘሎ ይቀድመኝ ነበር፤
ያልተደወለልኝ ቀን ራሴ ደውዬ
«የጎደለ አለ?» እል ነበር።
እንግዲህ «አ»ዋን እዚያ በር ላይ ማን አቆማት?
አንድ እግሯን እኔም ሳልተክል አልቀርም።

ትናንት ውሃ ስጠብቅ አምሽቼ ገባሁ።
መብራት የለም። ሁሉም ተኝቷል።
ከእማዬ አልጋ በኩል፣ ከእንቅልፍ ውስጥ፣
«...መጣህ?» የሚል ሰማሁ።
ፊደሏን እንቅልፍ ዋጣት? ቆርቆሮው ላይ ያለው ዝናብ?
ወይስ ጆሮዬ አዝኖልኝ ቆርጦ ጣላት?
በጨለማው ቆምኩ፣
ጄሪካኑን ከእጄ ሳላወርድ፣
ምን ብለው እንደሚመልሱ ጠፍቶኝ።