መደርደሪያው

የዋንዛ ጣውላ ነው፣ እኔው ነኝ የላግሁት፣
ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ግድግዳ ላይ የመታሁት።
ለመጽሐፍ አልነበረም፣ ለዕቃም አልነበረም፤
ፍርሃትም እንደ ሰው ማረፊያ ይሻል፣ ሁልጊዜ ደረት ላይ አይቀመጥም።

መጀመሪያ ሺፈራው መጣ፣ ተወቅጦ፣ ከጎረቤት፣
ቀጥሎ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ አጎቴ በጣሳ ያመጡት፤
ከዚያ የአባ ፊጣ ሥር፤ ስሙን አይናገርም፣
«መራራ ሁሉ ይሠራል» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።
ከጂዳ ደግሞ፣ ከእህቴ ከሙኒራ፣
የዓሣ ዘይት የሚሉት፣ ክዳኑ እንደ ወርቅ የሚያበራ።
ዘጠኝ ዓይነት ሞላ። ጠዋት አራት፣ ማታ አምስት፣
ስቆጥር፣ ስውጥ፣ ስቆጥር፣
ምሳዬን እስክረሳት።

«ቤት ያለውን በሙሉ፣ በፌስታል» ብላኝ ነበር ሲስተር ለሊሴ።
ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረችው፤ የሐሙስ ገበያ መሰለ።
አልሳቀችም። አልተቆጣችም። ብዕሯ ብቻ ቀጠለ።
ለሐኪሙ አሳይታ ተመለሰች፦
«ይሄኛው ከኪኒንህ ጋር ይጣላል፤» ወደ ግራ ገፋች።
«ይሄን ጉበትህ አልለመነህም፤» እሱንም ገፋች።
«ይሄ ደግሞ ጉዳትም ጥቅምም የለው፣
ኪስህን ነው የሚያከሳው።»
የአባ ፊጣን ሥር አሸተተች፣ ትንሽ ዝም አለች፣
«ስሙን የማታውቀውን እንግዳ ታሳድራለህ?» አለች።
«በሽታውንስ» አልኳት፣ «ስሙን አውቄ ነው አንጀቴ ውስጥ ያሳደርኩት?»
ያኔ ሳቀች። እኔም፤
ስፌቴን በእጄ ደግፌ የሳቅሁት
የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

«ታዲያ ምን ልዋጥ?»
«መንገድ» አለችኝ። «በቀን ግማሽ ሰዓት መንገድ ዋጥ።»

ይኸው ጎሕ ሲቀድ እወጣለሁ፤ እውጣለሁ፦
ከአጂፕ እስከ አወቱ ድልድይ፣ ከድልድዩ ወደ ጅሬን ዳገት፣
መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ምሰሶ መብራት፣
አሁን እስከ መስጊዱ በር። እዚያ ቆሜ አለከልካለሁ።
የባጃጁ ልጅ ያዘግማል፦ «አባቴ፣ የት ላድርስህ?»
«እዚሁ ነኝ የምሄደው» ስለው
ግራ ገብቶት ይነዳል፤ ጭቃውን ይረጭብኛል።

ጎመን እበላለሁ፣ ባቄላ፣ አቮካዶ፤ ሚስቴ ትጠብቀኛለች፣
ጨዉን ደብቃብኛለች።
ሲጋራውን ተውኩት፣ በአንድ ሌሊት፣ እንደ ተጣሉት ወዳጅ፤
ጫቱ ግን ሐሙስ ሐሙስ በስሜ ይጠራኛል፣ እስካሁን፣ በደጅ።
አልዋሽም፤ አንዳንዴ «አቤት» እላለሁ።

በርጩማ ስፈለፍል አስባለሁ። የጅማ በርጩማ
ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ እግር አይቀጠልበትማ።
«ተጨማሪ» ይሉታል ኪኒኑን። እንጨት ተጨማሪ አያውቅም፤
በጊዜው ካልደረቀ አይቆምም።

መደርደሪያው ላይ አሁን ጫማዬ አለ፣ ጭቃው ሳይራገፍ፣
ከጎኑም አንድ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ሳይገፈፍ፤
የሙኒራ ነው። ስንት ሸሚዝ እንደተኮሰችበት በሰው ቤት፣
ስንት ሌሊት፣ አላውቅም። መጣል አቃተኝ፤ መዋጥም አልሆነልኝ፣ ተውኩት።
ዓርብ ንጋት ላይ ትደውላለች።
«እየዋጥክ ነው፣ ወንድሜ?» ትለኛለች።
ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እየቋጠርኩ
«በየቀኑ» እላታለሁ።
«አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች።