የወገብ ዕዳ

ሌዳሞ ጎበጠ፤ ያው ወገቡ ደግሞ፣
አሞራ ገደል ላይ መረብ ተሸክሞ።
«ቀና በል» አልኩት።
«ቀናነት ነው» አለኝ፣ «እኔን የጎዳኝ»።

አባ ኮዳ ያየናል፤
የዓሣ አንጀት እስክንጥል ባንድ እግሩ ይቆያል።
ጦጣዋ ግን አልጠበቀች፤
ከሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ሳምቡሳ መንትፋ፣
ሁለት እጇ ሞልቶ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ርምጃ እንደ ሰው ቆማ ሄደች።
አራተኛው ላይ ጣለች።

በዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ ሣሩ ካንገት በላይ ሳለ፣
አንዲት ሳትጥል ቀረች።
የያዘችውን እንጃ፤
ልጅ ይሆናል፣ ሥራሥር ይሆናል፣ ድንጋይ።
ሸክሙን እግሯ ቻለው፣ እጇ ሥራ ፈለገ፤
እጅ ሥራ ሲያገኝ ጭንቅላት ተለቀ፣
ጭንቅላት ሲተልቅ ጭንቅ አብሮ ዘለቀ፣
ለመቆም በጠበበ ዳሌ ተጣበቀ።

የሌዳሞ ልጅ፣ ቃባቶ፣
ትናንት ሐዋሳ ሪፈራል አሥራ አንድ ሰዓት አማጠች።
«ምናለ ጦጣ ብሆን» አለች አሉ፣
ሲያልፍላት፣ እየሳቀች።

ሕፃኑ አንገቱን እንኳ አልቻለም ገና።
አያቱ ሊያየው ነው፤
መረቡን ለኔ ትቶ፣
እጁን በሐይቁ ውሃ ሦስቴ ታጥቦ፣ አሽትቶ፣
ይኸው ዳገቱን ይዟል፣
አንድ እጁ ወገቡ ላይ፣
አንዱ ባዶ።