«ነጻ»

ኦፋቂም፣ ማክሰኞ፣ በመጠለያው በር
ወረቀት ለጠፍኩኝ፤ አንድ ቃል ነበር፦
ነጻ።
ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስቸኩል ዘለልኩት፣
ነጻ የሆነው ምኑ እንደሆነ ሳልጽፍበት።

ዐሥራ ሁለት ወንበር፣ ሦስት ማራዘሚያ ገመድ፤
አቪሻይ ከቤርሳቤህ ያንን ሁሉ መንገድ
ፍላሹን በካልሲ ጠቅልሎ አመጣ፤
ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ ጥላችን ደጅ ወጣ።

ኋላ ሰው መጣልን፦ አንዱ ሶፋ ብሎ፣
አንዱም ዳይፐር መስሎት ጋሪ አስከትሎ።
«ዕቃ የለም» ስላቸው ግማሹ ተመለሰ፣
ግማሹ እየሳቀ ወንበሩን ጨረሰ።

ወይዘሮ እንጉዳይ ከዘንቢል አወጡ፣
ከሽንኩርቱ ሥር፣ የልጃቸውን ላፕቶፕ፤ «አራት መቶ አምጡ
አለኝ ባለሱቁ፣ ሞቷል ብሎ። እዩት፤
ነፍስ ካለው አንሱት፣ ከሌለው ግነዙት።»

አቪሻይ ጫነበት። መስመር እየወረደ
ነጭ ፊደል በጥቁር እንደ ዝናብ ሄደ።
«ማን ሠራው?» አሉኝ። «ብዙ ሰው» አልኳቸው፣
«የማይተዋወቁ።» «ስንት ነው ደሞዛቸው?»
«የላቸውም።»
«ጌታውስ?»
«ጌታ የለውም።»

ሃያ ሁለት ዓመት በኤጀንሲ ስም
የትምህርት ቤት ወለል ሲወለውሉ የኖሩት ሴት
«ጌታ የለውም» አሉ፣
ቀስ ብለው፣ አዲስ ለተወለደ ልጅ
ስም እንደሚሞክር ሰው።

ድምፁ ግን እምቢ አለ፤ እስከ ማታ ታገልን።
«ለማክሰኞ ይምጡ» አልን።
«እመጣለሁ። ወረቀቱን ግን አርሙት፤
ሰው ያሳስታል። ደቦ በሉት።»

ወንበር ስናጥፍ ገመዱን ቆጠርኩት፤
ሁለት።
ሦስተኛው ከሽንኩርቱ ጋር ወደ ቤት ሄዷል።