ያልማለ ምስክር

ሐዋሳ ፍርድ ቤት፣ ከመዝገቡ ጀርባ፣
ስንት ዓመት ጻፍኩኝ፣ አንዱ እማኝ ሲወጣ፣ አንዱ እማኝ ሲገባ፤
ስንቱ እጁን አንሥቶ፣ «እውነቱን» ሲል ማለ፣
በነጋታው ደግሞ ቃሉን ሲያጥፍ ዋለ።

እኔም መስክሬያለሁ፣ ከኋላዋ ሆኜ፣
«ሚልካ ሰምታለች» ስል፣ በር ደርግሜ፣ ስትዞር አይቼ፣ አምኜ።
ጥላዬ ቀድሞኝ እንደሁ፣ ወለሉ ተናውጦ
ለእግሯ ነግሯት እንደሁ፣ አላጣራሁም፤ ምኞቴ ዓይኔ ላይ ተቀምጦ።
ዳኛ ብሆን እንዲህ ያለውን ቃል ውድቅ አደርገዋለሁ፤
አባት ነኝና ግን በቀይ አስምሬ ልቤ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ቁስሏ ደርቆ፣ የተላጨ ፀጉሯ ብቅ ሲል እንደ ሣር፣
ኤርጎጌ ጠራችን፤ ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተር፣ ከውጭ የባጃጅ ግርግር።
«የሁለት ዓመት ልጅ
‹በቃኝ› አትል፣ ‹ጨምሩ› አትል፣ አታነሣም እጅ፤
ስለዚህ እሷን አይደለም የምንጠይቀው» አለች፣
«ነርቯን ነው።» ማግኔቱን ከጆሮዋ ጀርባ ለጠፈች።

አንዲት ምት ትልካለች፣ ከተተከለው ሽቦ ጫፍ፤
ነርቩ ይመልሳል፦ ትንሽ ጉድጓድ፣ ትንሽ ጉብታ፣ በስክሪኑ ላይ ሲያልፍ።
መሐላ የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ ዘመድ አይጠራ፤
ሚልካ ከእናቷ ጭን ተኝታለች፤ ነርቯ ግን ያወራል፣ በተራ በተራ።

«ጨምሪላት» አልኳት፣
«የዚያን ሁሉ ዝምታ ካሳ ቁጠሪላት!»

ኤርጎጌ ሳትቆጣ ሌላ መስመር አሳየችኝ፦
«ጆሮዋ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ጡንቻ አለች፤ ድምፅ ሲበዛ ትሸማቀቃለች» አለችኝ።
«አየህ? እዚህ ጋ ኩርምት አለች።
ልጅህ ‹በቃኝ› ብላለች።
ይህም መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤
ቀሪውን ራሷ ትነግረናለች፣ ዛሬ ባይሆንም።»

እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ።
ለካ ዱላ ልገዛላት ነበር፣ ድምፅ እየመሰለኝ።

እሑድ አሞራ ገደል ወሰድኳት።
ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ቢላ ይስላሉ፤
አባ ኮዳ፣ ያ መዝሙር የነሡት ራሰ በራ ወፍ፣
ከኋላዋ ቆሞ ምንቃሩን
ገጭ አደረገ።

አፈር ትጭር የነበረችው ሚልካ
ዞረች።

ጥላው ይሆን? ከሐይቁ የመጣው ነፋስ?
ብዕሬን ከኪሴ አውጥቼ ነበር፤
መለስኩት።
ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሳልምል፣ ሳልጽፍ፣
ወፉ እስኪደግም ጠበቅሁ።