ይቁም

አራተኛ ፎቅ ነው፣ የሪዜ ሆስፒታል፤
ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ ያድራል።
ባሕሩ ማዶ ነው፤ ይሰማል፣ አይታይም፤
እኔ ተረኛ ነኝ፣ ሌሊት አልተኛም።

የክፍል አሥራ ሁለት በሩ ላይ ለጠፍኩኝ
ባለ አራት ቅጠል የማገጥ ሥዕል።
ሌላው አገር ሲያየው ዕድል ነው ይለዋል፤
እኛ ዘንድ ፍቺው «ይህ ሰው ይወድቃል»።

ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤
ጉልበቱ ከዳው እንጂ ጣቱ አልከዳውም።
ስሙ ዱርሱን ነው። እናቱ ናት ያወጣችው፣
ከሱ በፊት ሦስት ቀብራ።
በቋንቋችን «ይቁም» ማለት ነው፤
ይቆይልኝ፣ አይሂድ፣ ይኑር።
ቅጹ ላይ ስሙን በጻፍኩት ቁጥር
እጄ ትንሽ ይዘገያል።

የመውደቅ ሥጋት፦ ከፍተኛ።
የሚያሸና መድኃኒት፦ ይወስዳል።
አስታማሚ፦ አለች።
«አለች» ያልኳት ሰቢሃ ናት፣ ትልቋ ልጁ፤
ቀን ሻይ ፋብሪካ ቅጠል ስትለይ ውላ
ማታ እዚህ፣ በማይዘረጋ ወንበር።
ወንድሟ ራሲም ከዱይስበርግ ይደውላል፤
«አደራ፣ እንዳይወድቅ» ይላል።
አደራ ማለት ከሩቅ ይቀላል።

በስድስተኛው ሌሊት ሲባጎ አመጣች፣
ከአባቷ መረብ የተረፈ፣ ሰማያዊ፤
አንዱን ጫፍ ከቁርጭምጭሚቱ፣
ሌላውን ከእጇ አንጓ አሰረች።
«ሲነሣ ይጎትተኛል፣ እነቃለሁ» አለች።
አየሁ፤ ዝም አልኩ።
ደንቡ አይፈቅድም፤
ደንቡ ግን አንድም ሌሊት እሷን ተክቶ አያውቅም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት
እንደ እርጥብ ጆንያ ያለ ድምፅ ሰማሁ።
ሮጥኩ።
በጎኑ ወድቋል፣ ቅንድቡ ተተርትሮ፣
ነጠላ ጫማው በአንድ እግሩ ብቻ።
ሲባጎው አልተበጠሰም።
ተፈትቷል፤
በወጉ ተጠቅልሎ፣ መረብ እንደሚሰበሰብ፣
ወንበሯ ክንድ ላይ ተቀምጧል።
ሰቢሃ አፏን ከፍታ
ገና አልነቃችም ነበር።

«ለምን ፈታኸው?» ብላ ጮኸች ኋላ፣
እጇ በደሙ ርሶ።
«ቋጠሮሽ ልል ነው፣ ራሱ ተፈታ» አላት።
ሐኪሙ ቅንድቡን ሲሰፋው ግን፣
እጄን ጨብጦ፣ ለእኔ ብቻ፦
«ስታንኮራፋ እናቷን መሰለችኝ።
ለአንዲት ሽንት ብዬ ልቀስቅሳት?»

ቅጹ ይጠይቃል፦ የመውደቁ ምክንያት?
እርጥብ ወለል፣ ማዞር፣ ጫማ፣ የመብራት መጥፋት፤
ለሁሉም ሳጥን አለው።
«እንዳትነቃ ብሎ» የሚል ሳጥን የለም።
«ሌላ» ከሚለው ሥር ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፤
«ታማሚው ብቻውን ተነሣ» ብዬ ተውኩ።
እሱም እውነት ነው። ግማሹ።

ራሲም በሦስተኛው ቀን መጣ፣
ጫማው አዲስ፣ እጁ ማረፊያ ያጣ።
ሰቢሃን ቤቷ ሰደድናት፤ አሥራ አራት ሰዓት ተኛች።
አሳየሁት፦ «መጀመሪያ ይቀመጥ፤
እስከ ስልሳ ቁጠሩ፤
ከዚያ ክንድህን ስጠው፣ አትጎትተው።»
ሽማግሌው ጠቀሰኝ በተሰፋው ዓይኑ፦
«ይኼኛውን እቀሰቅሰዋለሁ፤
ሃያ ዓመት ተኝቷል።»

ቀስቅሶታልም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳል ሰማሁ፣
የውሸት ሳል፣ የጥሪ።
ከአልጋው ጫፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይቆጥራሉ፣
አንዱ በቱርክኛ፣ አንዱ ሳያስበው በጀርመንኛ፤
ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ።
በሩ ላይ ቆሜ
ስሙን ጠራሁት፣
ቀስ ብዬ።