ሰዶም የሚሄደው አውቶቡስ

በዘጠኝ ዓመቴ
አፍና ጆሮው ነበርሁ፣ ለአባቴ።
የባንኩን ደብዳቤ፣ የመብራቱን ዕዳ፣
ዲሞና፣ አራተኛ ፎቅ፣ ተቀምጬ ጓዳ
ወዳማርኛ ሳሻግር፣ ቃል ስቀድ ቃል ስሰፋ፣
እውነት ሲከብደኝ ደግሞ ጥቂት ቆንጥሬ ሳጠፋ።
መምህሩ «ወንድምሽ ትምህርት አይገባውም» ሲል፣
«ቁመቱ ጨመረ፣ ጨዋ ነው ይልሃል» እል።
ሐኪሙ ስለ እናቴ «ስድስት ወር» ሲለኝ፣
«ክረምቱ ሲወጣ ይሻላታል» አልሁኝ።
ክረምቱ ወጣ። እሷም አብራው ወጣች።
አባቴ አንድ ቀን «ዋሸሽኝ» አላለም።

አባቴ ጨው ያፍሳል።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በሌሊት ተነስቶ፣ ዳቦ በፌስታል ይዞ፣
ቁልቁል ወደ ሙት ባሕር በሚወርደው አውቶቡስ ተጉዞ፤
ግንባሩ ላይ ስሟ የተጻፈበት፦ ሰዶም።
ካነበባቸው የዕብራይስጥ ቃላት የመጀመሪያዋ እሷ ናት።
ማታ ሲመለስ ቅንድቡ ነጭ፣ ጫማው ነጭ፣ ድምፁ ደረቅ።
ለቅሶ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቁለታል፤
«የፈንታሁን ልጆች ጨዋ ናቸው» ይሉታል።
ጨውንስ እኛ እናውቀዋለን፤ ስንቱን በቤታችን
ከምራቅ ጋር የዋጥነው፣ እንዳይሰማ ጎረቤታችን።

ዓርብ ማታ፤ ሰንበት ገብቷል።
ወንድሜ አቪሻይ ከያፎ መጥቷል።
ከስቷል። ዳቦውን ቆርሶ አልጎረሰም።
በዕብራይስጥ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ፣
ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፦
«ንገሪው።»

አማርኛዬን እንደ አሮጌ ካፖርት ኪስ ፈተሽሁ።
አንድ ቃል አለ፣ የሰፈር ልጆች እንደ ድንጋይ የሚወረውሩት።
ሌላም አለ፤ በሳተላይት ከአገር ቤት የሚመጣ፣
ሰባኪው ጉሮሮውን ጠርጎ የሚያወጣው፤
እሱንም ቢፈቱት ትርጉሙ የሰዶም ሥራ፤
ያ ደግሞ የአባቴ አውቶቡስ፣ የቤታችን እንጀራ።
«ወንድ ይወዳል» ብለው፣ «ማን ወንድሙን ይጠላል?» ሊለኝ ነው።

«አባዬ፣» አልሁ፣ «አቪሻይ ሚስት አያመጣም።
የመረጠው ሰው አለ። ሰውየው ወንድ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ።
«ይሄ የፈረንጅ ነው» አለ ቆይቶ። «ወገራ ሳለን አልነበረም።
ባሕር ተሻግረን ያገኘነው ነው፣ እንደ ስኳር በሽታ።
ቄሱ ሲሰሙስ? ጎንደር ያለው አጎትሽ
‹እኛ ዘንድ ይህ ያሳስራል› ሲልስ?
ማነው ፈረንጁ?»

«ፈረንጅ አይደለም። ሀብቶም ይባላል፣ የሰንዓፈ ልጅ።
ሲናን በእግሩ ነው ያቋረጠው። ወረቀት የለውም፤
ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል። ሳያማትብ አይበላም።»

አባቴ በጣቱ የጠረጴዛውን ጨርቅ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።
ወንድሜ በራሱ ቋንቋ፣ ለማንም ሳይሆን፣
«እዚያ ስሄድ ጥቁር ነኝ፣ እዚህ ስመጣ ፈረንጅ» አለ።
ይሄንን አልተረጎምሁትም።
አባቴ ግን ቀና ብሎ አየው፣ እንደገባው ሁሉ።

«ሰዶምን አውቃታለሁ» አለ።
«ሃያ ሁለት ዓመት። ሰው አላየሁባትም።
ጨው ነው ያለው። ጨውና ሙቀት።»
ምሕረት ይሁን እርግማን፣ እኔ ተርጓሚዋ አልለየሁትም።

ተነስቶ ወደ በረንዳ ወጣ። ታች ጎረቤቶች ከጸሎት ይመለሳሉ፤
«ሰንበት ሰላም» አላቸው፣ ጠንከር ባለ ድምፅ።
መስኮቱን ዘጋ። ወንድሜን ሳያይ፣ ቀስ ብሎ፦

«ዝማም፣ አንቺ ልጅ፣
አንዳንዴ ትሳሳቻለሽ። ያኔም፣ በእናትሽ ጊዜ፣ አውቄ ነበር።
ምናልባት ዛሬም ተሳስተሽ እንደሆነ…»

«አዎ» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች፤ ቀላል፣ እንደ ላባ።
አቪሻይ አማርኛ አይሰማም፤ ባጠፋም አያውቅብኝም።
አፌን ጨው ጨው አለኝ።

«አልተሳሳትሁም፣ አባዬ» አልሁት።