ግራ ግራው

ከይርጋለም መጡ፣ ከዲላ፣ ከሶዶ፣
ዘለላ ሙዝ ቀድሞ ከባጃጁ ወርዶ፤
ጋሽ ዱካሌ ኋላ፣ ጉልበቱን እያሸ፣
«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» ሲላት ፊቷ ሸሸ።

ስሟ ኤልዳና ነው፤ አምና ሁለት ሞላት፤
አሥራ ሰባት ዘመድ ተሰልፎ ሳማት፤
ጺም ጉንጯን ወጋት፣ ሽቶ አስነጠሳት፤
«አጎትሽ ነው፣ ሳሚው»፣ «አክስትሽ ናት፣ እሺ?»
«የአያትሽ ወንድም ልጅ፣ ነይ እንጂ፣ አትሽሺ!»
አላለቀሰችም።
በር ላይ ቆማ ቀረች፣ ከጫማችን መሃል፤
ዓይኗ ወደ ታች ነው፣ ከንፈሯ ይቆጥራል።

የጋሽ ዱካሌ ቆዳ፣ ሦስቴ የተሰፋ፣
የታሪኩ ሸራ፣ በኳስ አፉ የሰፋ፣
የብርቄ ባለ ተረከዝ፣ ለቤተ ስኪያን የታሰበ፣
ገና ደጅ ሳይደርስ ጭቃ የጠገበ፤
የኔም በስተጥግ፣ ቡናማ፣ በዱቤ፣
የመጪውን ወር ደሞዝ ከወዲሁ አስቤ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጾሙ ሲገደፍ፣
የዶሮው ሳህን ከእጅ እጅ ሲተላለፍ፣
እሷ በጋሽ ዱካሌ ጭን ላይ፣ ድፍት፣ እንቅልፍ።
ያው የሸሸችው ጭን።
ከዚያ ፍራሽ ተዘረጋ በየወለሉ፤
ዱካሌ ከግድግዳው፣ ብርቄ ከሱ ቀጥሎ፣
ታሪኩ በቁመት ሳይሆን በወርድ፣
እኔ ከበሩ ጥግ፣ ለብቻዬ፣ ስልኬን ታቅፌ።
ሲነጋ ከሁላችን ቀድሞ ማን እንደነቃ
አሁን ነው የገባኝ።

ከሰዓት ሐይቅ ዳር፣ አሥራ ሰባት ሆነን፣
በአንድ ባጃጅ አይሞከር፣ በአምስት ተጭነን፤
አባ ኮዳ ቆሟል፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
ራሰ በራ፣ ዝምተኛ፣ አንገቱን ሰብስቦ።
ኤልዳና እጄን ያዘች። ትንሽ አሰበች።
«ይሄም አጎቴ ነው? ልሳመው?» አለች።
ጋሽ ዱካሌ የራሱን መላጣ ዳሰሰ፤
ሳቃችን ውሃውን ተሻግሮ ታቦር ደረሰ።

ሰኞ በማለዳ፣
የሶዶው ሚኒባስ ጥሩንባ ሲነፋ፣
ከደጃፉ ክምር ግራ ግራው ጠፋ።
«ግራዬን ያያችሁ!» «የኔም ቀኙ ብቻ!»
«ሌባ ነው!» «ምን ዓይነት? ግራ የሚሰርቅ ብቻ?»
ግራው የት እንደገባ ግራ ገብቶን ሁላችን፣
በአንድ እግር ቆመን ቀረን፣ ሌላውን ሰቅለን፣
ያንን የሐይቅ ዳር ዘመዳችንን መስለን።

እሷ ከበሩ ኋላ፣ እጇን ወደ ኋላ።
«ኤልዳናዬ፣ ጫማዎቹ የታሉ?»
ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።
«ተኝተዋል። አትጩሁ።»

አልጋው ሥር ነበሩ። ጋቢ ለብሰው።
የዱካሌ ከግድግዳው፣ የብርቄ ከሱ ቀጥሎ፣
የታሪኩ በወርድ፣
በየአፋቸው ቁራሽ ድፎ ዳቦ ጎርሰው፤
ማንም ካደረበት አንድ ስንዝር ሳይዛነፍ።
የኔ ከበሩ በኩል፣ ለብቻው፣
ግን ጋቢው ስላልደረሰው
የራሷን ሹራብ አልብሳዋለች።

ሁሉም እየሳቀ ከነዳቦው ጫማውን አነሣ።
ብርቄ ፍርፋሪ እያራገፈች መሐረቧን አወጣች፣
«አቧራ ነው» አለች፤ አልጋ ሥር እኮ ነው፣ እውነቷን ነው።
የዲላው ሄደ። የሶዶው ሄደ።
ኤልዳና ከኔ ጫማ አጠገብ ተቀምጣ ቀረች፣
እንዳይነቃ ትንፋሿን ይዛ።

እኔም አልቀሰቀስኩትም።

አዳማ የገባሁት በአማቼ ነጠላ ጫማ ነው፣
ቀኙን በፌስታል አንጠልጥዬ፤
ዱቤው እስከ ሐምሌ ይከፈላል።
የፋብሪካው ዘበኛ ፌስታሉን ፈተሸ፣
እግሬን አየ፣ ፌስታሉን ደግሞ አየ፤
«በዓል እንዴት ነበር?» አለኝ።